የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበትን ሰው የኑሮ ጥራት እንዴት እንለካ? ዊልቸር ላይ ከተቀመጠ ጠያቂ

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውሉት የፊዚዮቴራፒ፣ የነርሲንግና የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች ናቸው። «ጋሼ፣ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ላይ የኑሮ ጥራት ልንለካ ነው፤ ከሰዎች ጋር ያገናኙናል?» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ አገናኛለሁ። ግን አብዛኞቹ መጠይቁን ከኢንተርኔት አውርደው፣ ፎቶ ኮፒ አስደርገው፣ በማግስቱ ሊጀምሩ ያሰቡ ናቸው። ቆይ ቆይ እላቸዋለሁ።

እኔ ግንባታ ላይ ከመወጣጫ ወድቄ ነው የተጎዳሁት። ህብለ ሰረሰሬ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ስለተጎዳ ከወገቤ በታች አይታዘዘኝም። መጀመሪያ ተጠያቂ ነበርኩ፤ እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። በኋላ አንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ ቀጠረኝ፤ ከዚያ ወዲህ እየተጠራሁ እሠራለሁ። ወረቀቱን በሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ ማለት ነው። እዚህ የምጽፈው ለነዚህ ልጆች የምነግራቸውን ነው። ለነርሶች፣ ለማኅበር ሠራተኞች፣ ቤት ውስጥ ወንድም ወይም እህት ለሚያስታምሙም ይጠቅማል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምኑን ነው የምትለኩት?

ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ ይምታታሉ። አንደኛው ሰውየው ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። ራሱ ይጎርሳል? ራሱ ይለብሳል? ከአልጋ ወደ ዊልቸር ይሻገራል? ሽንቱን በምን ያወጣል? ለዚህ ስኪም የሚባል መለኪያ አለ። እስራኤል ውስጥ እነ ፕሮፌሰር አሚራም ካትዝ ሠርተውት በ1997 የወጣ ነው። ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፦ ራስን መንከባከብ 20፣ አተነፋፈስና የሽንት ሰገራ ጉዳይ 40፣ እንቅስቃሴ 40። ጎበዝ መለኪያ ነው። የኑሮ ጥራትን ግን አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ሰውየው ራሱ ኑሮውን እንዴት ያየዋል የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የኑሮ ጥራትን የሚተረጉመው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰው በሚኖርበት ባህልና እሴት ውስጥ፣ ከራሱ ግብና ተስፋ፣ ከራሱ ሐሳብና ጭንቀት አንጻር ቦታዬ የት ነው ብሎ ያስባል? ፈራጁ እሱ ነው።

ሁለት የማውቃቸው ሰዎች አሉ። አንዱ የተጎዳው አንገቱ ላይ ነው። እጁ ኩባያ አይጨብጥም፤ ስኪም ላይ ነጥቡ ትንሽ ነው። መሬት ቤት ይኖራል፤ በሩ ወደ መንገድ ነው። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ደብተር ይዘው ይመጡና ሒሳብ ያስጠናቸዋል። «እንዴት ነህ?» ስትሉት ስለ ልጆቹ ውጤት ነው የሚያወራው። ሌላው የተጎዳው ከወገቡ ዝቅ ብሎ ነው። ክንዱ እንደ ድሮው ነው፤ ሁሉን ነገር ራሱ ያደርጋል። የሚኖረው ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ለመውረድ ሁለት ጎረምሳ መለመን አለበት። ልመናው ስለሰለቸው መውረዱን ትቶታል። የመጀመሪያው ለኑሮው የሚሰጠው ነጥብ ከሁለተኛው እጅግ ይበልጣል። ስኪም ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ገልብጣችሁት ትመለሳላችሁ።

የሰው ግምት ምን ያህል እንደሚስት የሚያሳይ የታወቀ ጥናት አለ፤ በ1994 አሜሪካ ውስጥ የወጣ። የድንገተኛ ክፍል ባለሙያዎች «ከባድ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ቢደርስባችሁ በሕይወት በመትረፋችሁ ደስ ይላችሁ ነበር?» ተብለው ተጠየቁ። አዎ ያሉት 18 በመቶ ብቻ ናቸው። ጉዳቱ ኖሮባቸው የሚኖሩት ሰዎች ሲጠየቁ ግን 92 በመቶዎቹ ደስተኞች ነን አሉ። እነዚያ ባለሙያዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ከውጭ ስለሚያዩ ነው። በ1999 አልብሬክትና ዴቭሊገር የተባሉ ተመራማሪዎችም ከባድ የአካል ጉዳት ካለባቸው ሰዎች 54 በመቶዎቹ ኑሮአቸውን ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ብለው እንደሚገልጹ ጽፈዋል።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አንድ ነው፦ ነርሷ ወይም እናትየው በሰውየው ፋንታ አይመልሱ። ቢመልሱም በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

መጠይቅ መምረጥ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጓደኛው የተጠቀመበትን ይዞ ይሄዳል። ትንሽ ታገሡ።

ኤስኤፍ-36 በዓለም ላይ በጣም የታወቀ ነው፤ 36 ጥያቄ አለው። ችግሩ ስለ አካል ብቃት የሚጠይቀው ክፍል ነው። አንዲት ተማሪ ይሄንን ይዛ ቤቴ መጣች። «ብዙ ፎቅ ደረጃ መውጣት ምን ያህል ያስቸግርዎታል?» አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ ዊልቸሩን አየች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «በጣም» አልኩና ሳቅን። ቀጣዩ ጥያቄ ስለ አንድ ፎቅ ነበር። ዝቅ ብሎ ደግሞ ስለ እግር ጉዞ። እሷ እያፈረች፣ እኔ «በጣም፣ በጣም» እያልኩ ሄድን። እንዲህ እየተጠየቀ ቅስሙ የሚሰበር ሰው አለ። ነጥቡም ቢሆን የሚናገረው አስቀድሞ የታወቀውን ነው፤ ሰውየው አይራመድም። «መራመድ»ን «መሄድ» ወይም በዊልቸር መጓዝ ብለው ያስተካከሉት ተመራማሪዎች አሉ። የራሳችሁን እርማት ግን በእስክሪብቶ አትጨምሩ። አንድ ቃል ከቀየራችሁ ውጤታችሁን ከሌላ ጥናት ጋር ማወዳደር አትችሉም፤ መጠይቆቹም ባለቤት አላቸው፤ ፈቃድ ይጠየቃል።

ኢኪው-5ዲ አጭር ነው፤ አምስት ጥያቄና ከ0 እስከ 100 የተሰመረ መለኪያ። አማርኛው አለ፤ ከ2020 ጀምሮ የኢትዮጵያ የዋጋ ተመንም፣ ማለትም እያንዳንዱ መልስ ከጤና ነጥብ ስንት እንደሚያስቀንስ የሚያሳይ ሰንጠረዥ፣ ወጥቶለታል። የጤና ወጪና ጥቅም ለሚያሰሉ ሰዎች ይስማማል። ለኛ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እንደገና ስለ መራመድ ነው፤ «መራመድ አልችልም» የሚለው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቸንክረን እንቀራለን። ተመኑን ያወጣው ደግሞ ጠቅላላው ሕዝብ ነው። ማለትም ዊልቸር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው አለመራመድ ስንት እንደሚያስቀንስ ወሰነ። የ1994ቱን ጥናት አስታውሱና ፍረዱ። ከተጠቀማችሁበት ከ0 እስከ 100 ያለውን መለኪያ ለብቻው ጻፉት፤ እሱ የሰውየው የራሱ ቃል ነው።

አሜሪካኖች በተለይ ለህብለ ሰረሰር ጉዳት ያዘጋጁት ኤስሲአይ-ኮል የሚባል አለ። ሰፊና ዝርዝር ነው፤ በኮምፒውተር እየመረጠ ይጠይቃል። ብዙው ጥያቄ የአሜሪካን ኑሮ የሚያውቅ ነው።

እኔ የምመክረው ሁለት ነገር አብሮ መያዝ ነው። አንደኛው ለህብለ ሰረሰር ጉዳት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀው መሠረታዊ የኑሮ ጥራት መጠይቅ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ባለፉት አራት ሳምንታት በጠቅላላ ኑሮህ፣ በአካል ጤናህ፣ በአእምሮና በስሜት ጤንነትህ ምን ያህል ረክተሃል? ከ0 እስከ 10። በኋላ ስለ ማኅበራዊ ኑሮ አራተኛ ጥያቄ ተጨምሮበታል። ቡና እስኪፈላ ያልቃል። አልጋ ላይ የደከመ ሰው እንኳ ይችለዋል።

ሁለተኛው የዓለም ጤና ድርጅት ሁኮል-ብሬፍ ነው። 26 ጥያቄ፣ አራት ዘርፍ፦ አካል፣ ሥነ ልቦና፣ ማኅበራዊ ግንኙነት፣ አካባቢ። ጊዜው ያለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። በአማርኛ በብዙ ጥናት ላይ ውሏል። የሚጣፍጠኝ «አካባቢ» የሚለው ዘርፍ ነው። ስለ ገንዘብ፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ሕክምና ማግኘት ይጠይቃል። ለኛ ጉዳቱ ግማሹ ጀርባችን ላይ ነው፤ ግማሹ ደረጃው ላይ።

ከነዚህ ጋር አንድ ገጽ ጨምሩ፤ ካለሱ ቁጥሩ ትርጉም አይኖረውም። ጉዳቱ አንገት ነው፣ ደረት ነው፣ ወገብ? ሙሉ ነው ወይስ ከፊል? መንስኤው ምንድን ነው፤ መኪና፣ መውደቅ፣ ጥይት፣ የአከርካሪ ቲቢ? ስንት ጊዜ ሆነው? አሁን የመኝታ ቁስል አለ? ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) አለ? በዚህ ሳምንት የሽንት ኢንፌክሽን ነበረ? ዊልቸሩ የራሱ ነው ወይስ የተዋሰው? ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ነው? ሽንት ቤቱ ይገባል?

ከመጠየቃችሁ በፊት

ጠዋት አትሂዱ። ብዙዎቻችን ሰገራ የምናወጣው በፕሮግራም ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ያደክማል፣ እንግዳ አይፈለግበትም። ከሰዓት በኋላ ተቃጠሩ።

ቤት ስትገቡ አጠገቡ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ፖሊስ ይመስላል። ዊልቸሩን አትደገፉ፣ አትግፉ፣ ቦርሳ አታንጠልጥሉበት። እድሜው ከፍ ያለውን አንቱ በሉ፤ ተኝቶ ስላገኛችሁት ብቻ አንተ አይባልም። ይሄን የምለው በምክንያት ነው፤ የሠላሳ ዓመት መምህር የነበሩ ሰው በሃያ ዓመት ልጅ «አንተ፣ ሽንትህን ትቆጣጠራለህ?» ሲባሉ ሰምቻለሁ።

ከባዱ ቤተሰቡን ከክፍሉ ማስወጣት ነው። እናት ወይም ሚስት አጠገቡ ከተቀመጠች የሚመልሰው ለሷ ነው። «ሸክም ሆኜባቸዋለሁ» የሚል ሰው እሷ ባለችበት አይለውም። እሷም በበኩሏ ጣልቃ ትገባለች፦ «ኧረ እሱ ደህና ነው፣ ምን ጎደለው!» ውጡ ማለት ደግሞ ነውር ነው። እኔ የማደርገው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ከሷ ጋር እጨዋወታለሁ፤ ከዚያ «እርስዎንም የምጠይቀው አለኝ፤ እሳቸውን ልጨርስና ለብቻ እንነጋገራለን» እላለሁ። ተራ እንዳላት ስታውቅ ቅር ሳይላት ትነሳለች። ቃል የገባችሁትን ደግሞ ጠይቋት። አስታማሚ ምን እንደሚሸከም የሚጠይቅ የለም።

ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ያለ ሰውና ቤቱ የገባ ሰው አንድ አይደሉም። ጉዳቱ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው ገና «መቼ ነው ተነስቼ የምራመደው?» ነው የሚለው። የዚያን ጊዜ መልስና ከዓመታት በኋላ የሚሰጠውን በአንድ ቅርጫት አትክተቱ። ጉዳቱ ከደረሰ ስንት ጊዜ እንደሆነ ለይታችሁ አቅርቡ።

አሁን ጠይቁ

«ኑሮ እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጀመራችሁ መልሱ ይታወቃል። ክርስቲያኑ «ተመስገን»፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ»። ውሸት አይደለም፤ ምስጋና ነው። ግን ምስጋናን ወደ 5 ቀይራችሁ ከመዘገባችሁ ሰፈሩ ሁሉ ገነት ሆኖ ይወጣላችኋል። አሜን በሉና እለፉ።

እኔ ዋናውን ከመጀመሬ በፊት የመለማመጃ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ስለ መብራት ነው። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት በመብራት አገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል? 0 ፈጽሞ አልረካሁም፣ 10 ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ።» ስለ መብራት የሚያፍር የለም። «ኧረ 2 ስጠው፣ 2 ራሱ ይበዛበታል!» ይላሉ። በቃ፣ ዝቅተኛ ቁጥር መስጠት ነውር እንዳልሆነ ገባቸው። ወዲያው ከዚያው ስሜት ሳይወጡ ወደ ኑሮአቸው እሻገራለሁ።

ቁጥር ላልለመደ ሰው አሥር የለስላሳ ቆርኪ ይዤ እሄዳለሁ። ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ «ሙሉ እርካታ አሥሩም ነው፤ የእርስዎን ቆርሰው ያሳዩኝ» እላለሁ። እጁ የማይታዘዝለት ከሆነ እኔ አንድ በአንድ እያንቀሳቀስኩ «በቃ» እስኪል እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ ከመሀል፣ አንድ ጊዜ ከዳር ከጀመራችሁ ግን ሰውየውን ትመሩታላችሁ፤ ሁልጊዜ ከባዶ ጀምሩ።

ጊዜውንም አስሩት። «ባለፉት አራት ሳምንታት» የሚለው ለብዙ ሰው አየር ነው። ለኦርቶዶክሱ «ካለፈው ሚካኤል ወዲህ» ብትሉት ይገባዋል፤ ሚካኤል በወር በወር ስለሚመላለስ ግን ቀኑን ቆጥራችሁ ለአራት ሳምንት የሚቀርበውን በዓል መምረጥ ነው። ለሁለት ሳምንት «ከሁለት እሑድ በፊት ጀምሮ» ወይም «ከሁለት ጁምዓ ወዲህ»፤ ገጠር ከሆነ በገበያ ቀን።

ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቡ። ካልገባው ደግማችሁ አንብቡ። በራሳችሁ ቃል ማብራራት ከጀመራችሁ መልሱ የእናንተ ይሆናል። «ደህና እንቅልፍ ይተኛሉ አይደል?» የሚል ጥያቄ የለም። ሌላው ለኛ ሰው የሚከብደው «አይዞህ» ነው። ሰውየው «በራሴ አልረካሁም፣ 1» ሲል አፋችሁ ላይ ይመጣል። ዋጡት። «አይዞህ» ካላችሁት ቀጣዩን ጥያቄ እናንተን ለማጽናናት ሲል 4 ይሰጣችኋል። እስክሪብቶ ስታስቀምጡ ያኔ በሉት።

ሁኮል-ብሬፍ ላይ 21ኛው ጥያቄ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት እርካታ ነው። መረጃ ሰብሳቢ ሁሉ የሚፈራው ይሄን ነው። ጠያቂው አፍሮ ይዘለዋል፤ ከዚያ ቢሮ ገብቶ 3 ይሞላል። አውቃለሁ፤ ሲደረግ አይቻለሁ። በ2004 ኪም አንደርሰን የተባለች ተመራማሪ 681 የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች «ከሁሉ በፊት ምን ቢመለስላችሁ ኑሮአችሁ ይሻሻላል?» ብላ ነበር። አንገታቸው ላይ ከተጎዱት ብዙዎቹ የመረጡት የእጅና የክንድ ሥራን ነው። ከዚያ ዝቅ ብለው የተጎዱት ያስቀደሙት ግብረ ሥጋን ነው፤ መራመድን አይደለም። እንግዲህ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉትን ጥያቄ እየዘለላችሁላቸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ይጠይቅ፤ ወይም ወረቀቱን ስጡትና ራሱ ያክብብ። ካልመለሰ «አልፈለገም» ተብሎ ይጻፍ። ጠያቂው ከዘለለ ደግሞ «አልተጠየቀም» ይባል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን 25ኛው ነው፤ በትራንስፖርት ምን ያህል ረክተሃል? አንድ ጎልማሳ 4 ሰጡኝ። ገረመኝ። ሰፈራቸውን አውቀዋለሁ፤ ሚኒባስ ዊልቸር ሲያይ አይቆምም፤ ቢቆምም ረዳቱ የዊልቸሩን ለብቻ ያስከፍላል። ቁጥሩን ጻፍኩና መጠይቁ ሲያልቅ «ለመጨረሻ ጊዜ ታክሲ የተሳፈሩት መቼ ነው?» አልኳቸው። «የት እሄድና!» አሉኝ። «ቤቴ ነኝ፤ ምን ትራንስፖርት ያስፈልገኛል? ለዚያ ነው ቅሬታ የለኝም ያልኩህ።» የእህታቸው ልጅ ሠርግ አልሄዱም። የእድር ስብሰባ ቀርተዋል። ለቅሶ በስልክ ነው የሚደርሱት። 4 ግን 4 ነው።

ይሄ ውሸት አይደለም፤ የጠያቂም ጥፋት አይደለም። ሰው ኑሮው ሲጠብበት ፍላጎቱንም ያጠባል። ተመራማሪዎች ሚዛኑ ራሱ በሰውየው ውስጥ እንደሚቀየር ያውቃሉ፤ ብዙ ተጽፎበታል። አንዳንዴ ጥሩ ነው፤ ሰውየው አዲስ ነገር ወድዶ፣ አዲስ ሥራ ይዞ፣ የድሮውን ትቶ ነው የረካው። እንደ ሒሳብ አስጠኚው። አንዳንዴ ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ነው። ከቁጥሩ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከመጠይቁ በኋላ፣ ነጥብ የማይሰጥባቸው ሁለት ጥያቄዎች እጨምራለሁ፦ «ባለፈው ወር ከግቢ የወጡት የት የት ነው?» እና «ቢመችዎ ኖሮ የት ይሄዱ ነበር?» የመጀመሪያው ባዶ፣ የሁለተኛው ረጅም ከሆነ 4ቱን እንዴት እንደምታነቡት ታውቃላችሁ። የሁለተኛው መልስ «የትም» ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያሳስባችሁ።

ሰውየውን እዩት

ወረቀቱ ላይ ብቻ አታቀርቅሩ። ተቀምጠን የምንውል ሰዎች በየሩብ ሰዓቱ፣ ቢበዛ በየግማሽ ሰዓቱ መቀመጫችንን ከወንበሩ ማንሳት ወይም ጎን መቀየር አለብን፤ አለዚያ ቁስል ነው። ለእንግዳ ክብር ብሎ ሳይነቃነቅ የሚቀመጥ አለ። አሥረኛው ጥያቄ አካባቢ ቆም በሉና «እስቲ ትንሽ እንረፍ» በሉ።

ጉዳቱ ስድስተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ድንገት ከባድ ራስ ምታት ከያዘው፣ ፊቱ ቀልቶ ላብ ካጠመቀው፣ የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ እየወጣ ሊሆን ይችላል። መጠይቁን ተዉት። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ቀበቶና የጠበበ ልብስ አላሉ፣ የካቴተሩ ቱቦ ታጥፎ ወይም ከረጢቱ ሞልቶ እንደሆነ እዩ። ካልተሻለው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል።

«መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ሰውም ይገጥማችኋል። ከመውጣታችሁ በፊት ለማን እንደምትደውሉ ይታወቅ፤ የትኛው የአእምሮ ጤና ክፍል፣ የትኛው ባለሙያ። ምስጢር እንጠብቃለን ብላችሁ ስታስፈርሙም ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሰማን እንናገራለን ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ይሄ ካልተዘጋጀ መጠይቁ አይጀመር።

ሒሳቡ

ሁኮል-ብሬፍ ላይ እያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 5 ነው። ሦስት ጥያቄዎች ተገልባጭ ናቸው፦ 3ኛው ስለ ሕመም፣ 4ኛው ስለ ሕክምና ፍላጎት፣ 26ኛው ስለ ድብርትና ጭንቀት። በነሱ ላይ ትልቅ ቁጥር መጥፎ ነው። ስለዚህ መልሱን ከ6 ቀንሱ።

የአካል ዘርፍን እንሥራ። ጥያቄዎቹ ሰባት ናቸው፦ 3፣ 4፣ 10፣ 15፣ 16፣ 17፣ 18። አንድ ሰው ለሕመም 4 ሰጠ፤ ሲገለበጥ 2። ለሕክምና 3፤ ሲገለበጥም 3። ለጉልበት 3፣ ለመንቀሳቀስ 2፣ ለእንቅልፍ 2፣ ለዕለት ሥራ 3፣ ለሥራ አቅም 2። ድምሩ 17። ለ7 ስታካፍሉት 2.43። በ4 ስታባዙት 9.71። ወደ መቶኛ ለመቀየር 4 ቀንሱ፣ ለ16 አካፍሉ፣ በ100 አባዙ፤ 35.7 ይመጣል። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ሥነ ልቦና 5፣ 6፣ 7፣ 11፣ 19፣ 26። ማኅበራዊ 20፣ 21፣ 22። አካባቢ 8፣ 9፣ 12፣ 13፣ 14፣ 23፣ 24፣ 25። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ለብቻቸው ይቀርባሉ።

ማኅበራዊው ሦስት እግር ብቻ እንዳለው ልብ በሉ። 21ኛው ከጎደለ በሁለቱ ይሰላል፤ ሌላ አንድ ከጎደለ ዘርፉን ተዉት። ከጠቅላላው ጥያቄ ከአምስት አንዱ በላይ ያልተመለሰበት ወረቀት አይሰላም። ባዶውን በግምት መሙላት የለም።

አራቱን ዘርፍ ደምሮ አንድ ቁጥር ማድረግም የለም። አካል 36፣ አካባቢ 28፣ ማኅበራዊ 70 የሆነ ሰው ቤተሰቡ እየያዘው፣ ቤቱና መንገዱ እየገደለው ነው። ደምራችሁ አማካይ ካወጣችሁ ይሄ ሁሉ ይጠፋል። እንዲሁም ተማሪዎች የሚወዱት ልማድ አለ፤ ከአማካይ በላይ «ጥሩ ኑሮ»፣ በታች «መጥፎ ኑሮ» ብሎ ለሁለት መክፈል። መጠይቁ እንዲህ ያለ ይፋዊ ድንበር የለውም። 49 ያመጣው በ51 ምን ተበለጠ? ቁጥሩን እንዳለ አቅርቡት።

ለውጥ ለማየት ከፈለጋችሁ ያንኑ ሰው፣ በዚያው ጠያቂ፣ በተመሳሳይ ቦታ ድጋሚ ጠይቁ። መጀመሪያ አልጋ ላይ፣ ቀጥሎ ቤቱ ከሆነ የምትለኩት የቤቱን ልዩነት ጭምር ነው። በመሀል ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ተነስቶበት ከሆነ ሲሻለው ተመለሱ፤ አለዚያም ጻፉት።

ሲያልቅ ውጤቱን ለጠየቃችኋቸው ሰዎች አምጡ። ይሄን የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ ፒዲኤፉ ዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉ፤ ማንበብ ለማይችል ይነበብለት። ስብሰባ የምትጠሩ ከሆነ ክፍሉ ምድር ላይ ይሁን። ከመጥራታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱና የሽንት ቤቱን በር ስፋት ለኩ።